በትኩሳት ጊዜ የታዘዘን መድኃኒት ስለ መውሰድ
ለመተማና ለምዕራብ ጎንደር ቆላ ካህናትና ምእመናን

ሰው ከነፍስና ከሥጋ የተፈጠረ እንደ መሆኑ መጠን፥ ነፍሱ ስትታመም ወደ ካህን፥ ሥጋው ሲታመም ወደ ሐኪም ይሄዳል። ሁለቱም መንገዶች ከአንዱ አምላክ የተሰጡ ናቸው። ነገር ግን ሕመም በመጣ ጊዜ ሁለቱን መንገዶች እንደ ተቃራኒ የሚያይ፥ በአንዱ ሲሄድ ሌላውን የከዳ የሚመስለው ሰው ጥቂት አይደለም። በዚህ ጽሑፍ የምንመለከተው ጥያቄ ሐኪም ለኢንፍሉዌንዛ ያዘዘውን መድኃኒት ሕመምተኛው ይውሰድ ወይስ ይተው የሚል ነው። ጥያቄው ሲሰሙት ትንሽ ይመስላል። ትኩሳት ሁሉ አንድ በሚመስልበት፥ ጤና ጣቢያም ከእርሻው በሚርቅበት አገር ሲነሣ ግን መልሱ የሰው ሕይወት የሚነካ ይሆናል።

መተማ ዐፄ ዮሐንስ 4ኛ በመጋቢት ወር 1881 ዓ.ም. ከደርቡሾች ጋር ሲዋጉ የወደቁባት፥ ስማቸውንም ይዛ መተማ ዮሐንስ የምትባል የድንበር ከተማ ናት። ከባሕር ጠለል በላይ ያላት ከፍታ ወደ 700 ሜትር ገደማ ብቻ ስለ ሆነ ሙቀቷ ብርቱ ነው። ሰሊጥ፥ ማሽላና ጥጥ የሚበቅልበት ይህ ሰፊ ቆላ በአረምና በአጨዳ ወራት ከደጋው ብዙ ሠራተኛ ይወርድበታል፤ ሠራተኛውም በእርሻው ዳር በተሠራ ዳስ ውስጥ ተጠጋግቶ ያድራል። ከሚያዝያ 2015 ዓ.ም. ጀምሮ ደግሞ በሱዳን በተነሣው ጦርነት ምክንያት ከገላባት ወደ መተማ ድንበሩን የተሻገረው ስደተኛ ብዙ ነው። ሰው በተጨናነቀበት ስፍራ ሁሉ በሳልና በማስነጠስ የሚተላለፍ በሽታ መንገዱ ቀና ይሆንለታል።

በዚህ ቆላ ትኩሳት ሲነሣ ሕዝቡ ቶሎ የሚያስበው ወባን ነው፤ ማሰቡም ትክክል ነው። ወባ ክረምቱ ከወጣ በኋላ ከመስከረም እስከ ኅዳር ባለው ጊዜ ይበረታል፤ ይህም የመከር ሥራ የሚጠነክርበት ወራት ነው። ሁለተኛው ካላዛር የሚባለው በሽታ ነው፤ በአሸዋ ዝንብ ንክሻ ይተላለፋል፥ ትኩሳቱ ከ2 ሳምንት በላይ ይቈያል፥ ጣፊያን ያሳብጣል፥ ሰውነትን ያከሳል፥ ካልታከመም ይገድላል። ሦስተኛው ኢንፍሉዌንዛ ነው፤ ድንገት የሚነሣ ትኩሳት፥ ብርድ ብርድ ማለት፥ ራስ ምታት፥ የሰውነት ቍርጥማትና ደረቅ ሳል አለው። ሕዝባችን ከቀላሉ ብርድ ጋር ባንድነት ጉንፋን እያለ ስለሚጠራው ይንቀዋል።

ስለዚህ የመጀመሪያው ፍርድ ስለ መድኃኒቱ ሳይሆን ስለ በሽታው ነው። የኢንፍሉዌንዛ መድኃኒት ወባን አይፈውስም፤ የወባም መድኃኒት ኢንፍሉዌንዛን አይነካም። ፋልሲፓረም የሚባለው የወባ ዓይነት ካልታከመ በጥቂት ቀን ውስጥ ሊገድል ስለሚችል፥ በመተማ ቆላ ትኩሳት የያዘው ሰው ሁሉ፥ ሳል ቢኖረውም እንኳ፥ አስቀድሞ ደሙን መመርመር ይገባዋል። ሁለቱ በሽታዎች በአንድ ሰው ላይ አብረው ሊገኙ መቻላቸውንም አንርሳ። ስለዚህ ለጎረቤቱ የታዘዘለትን፥ ወይም ካለፈው ዓመት የተረፈውን እንክብል በግምት የሚውጥ ሰው መድኃኒት ወሰድሁ ቢልም በሽታውን ሳያውቅ ዕድሉን የሚሞክር ነው።

ጉንፋን የሚለው ስም እንዳያታልለን አባቶቻችን ያዩትን እናስታውስ። በ1911 ዓ.ም. በኅዳር ወር በአዲስ አበባ የበረታው፥ ሕዝቡ የኅዳር በሽታ ብሎ የጠራው መቅሠፍት፥ በዓለም ሁሉ የዞረው ኢንፍሉዌንዛ ነበር። አልጋ ወራሽ ራስ ተፈሪ መኰንን ራሳቸው በጽኑ ታመው ነበር። በአዲስ አበባ ብቻ ወደ 10,000 ሰው እንደ ሞተ ይገመታል። ያ በሽታ ሕፃኑንና ሽማግሌውን ብቻ አልነካም፤ ከ20 እስከ 40 ዓመት ባለው የብርታት ዕድሜ ላይ የነበረውን ጐልማሳና ነፍሰ ጡሮችንም አብዝቶ ገደለ። በየዓመቱ ኅዳር 12 ቀን፥ በቅዱስ ሚካኤል በዓል፥ ቆሻሻ እየተሰበሰበ የሚታጠነው ከዚያ ዘመን በቀረ ልማድ ነው። በዚያ ጊዜ የበሽታው ምክንያት ቫይረስ መሆኑ ገና አልታወቀም ነበር፤ በሽታውን ራሱን የሚከላከል መድኃኒትም አልነበረም። አባቶቻችን የነበራቸው ጸሎት፥ ዕጣንና የወንድም እንክብካቤ ነበር፤ በዚያም የሚቻለውን ሁሉ አደረጉ። እኛ ግን እነርሱ ያላገኙትን በእጃችን ይዘን፥ እንዳልተሰጠን ብንሆን ምን መልስ እንሰጣለን?

እንግዲህ ስለ መድኃኒቱ እንናገር። ዛሬ ለኢንፍሉዌንዛ ከሚታዘዙት መድኃኒቶች ዋናው ኦሴልታሚቪር ይባላል፤ በንግድ ስሙ ታሚፍሉ ተብሎ ይታወቃል። በአሜሪካ አገር በ1992 ዓ.ም. ተፈቅዶ ሥራ ላይ ዋለ። የተሠራበት መነሻ በቻይና አገር ከሚበቅል፥ ፍሬው የኮከብ መልክ ካለው ዛፍ ሲወጣ ኖሯል። ሥራውም እንዲህ ነው፤ ቫይረሱ በሰው ሕዋስ ውስጥ ገብቶ ከተባዛ በኋላ ከዚያ ወጥቶ ወደ ሌላው ሕዋስ ለመዛመት የሚረዳው አንድ መሣሪያ አለው፤ መድኃኒቱ ይህን መሣሪያ ያስረዋል። ቫይረሱ በተባዛበት ተይዞ ይቀራል፤ ሰውነትም በራሱ ኃይል ያሸንፈዋል። ከዚህ የምንረዳው ትልቅ ነገር አለ። ይህ መድኃኒት ገና ያልተዛመተውን የሚያግድ እንጂ የተዛመተውን የሚያጠፋ አይደለም። ስለዚህ ጥቅሙ የሚበልጠው ሕመሙ በጀመረ በ48 ሰዓት፥ ማለት በመጀመሪያዎቹ 2 ቀኖች ውስጥ ሲጀመር ነው።

ጥቅሙ ምን ያህል ነው? ከእውነት አስበልጠን እንዳንናገር እንጠንቀቅ። በ2006 ዓ.ም. የወጣ፥ ብዙ ፈተናዎችን ያጠቃለለ የሊቃውንት ምርመራ እንዳሳየው፥ መድኃኒቱ በጐልማሶች ላይ የሕመሙን ጊዜ ያሳጠረው ከ7 ቀን ወደ 6 ቀን ከሩብ ገደማ፥ ማለት በ17 ሰዓት ያህል ብቻ ነው። ማቅለሽለሽና ማስታወክንም ያመጣል። ስለዚህ ሌላ ሕመም የሌለበት፥ ሕመሙም ያልበረታበት ጐልማሳ ከሐኪሙ ጋር ተመካክሮ ያለ መድኃኒቱ በዕረፍትና በብዙ ፈሳሽ ቢድን ራሱን የጐዳ አይባልም። በሌላ በኩል በ2001 ዓ.ም. በተነሣው የዓለም ወረርሽኝ ጊዜ ሆስፒታል የገቡ፥ በ38 አገሮች የተመዘገቡ ከ29,000 በላይ ሕመምተኞች በተመረመሩ ጊዜ፥ መድኃኒቱን በ2 ቀን ውስጥ የጀመሩት ዘግይተው ከጀመሩት ይልቅ የሞታቸው ዕድል በግማሽ ያህል አንሶ ተገኝቷል። ይህ ሁለተኛው ምርመራ በዕጣ ተለይቶ የተደረገ ፈተና ሳይሆን የሆነውን መዝግቦ ያነጻጸረ ስለ ሆነ ምስክርነቱ በዚያው ልክ መመዘን አለበት። ሆኖም ሁለቱን አስተባብረን ስናይ መንገዱ ይገለጣል፤ ለብርቱው ሰው ጥቅሙ ጥቂት ነው፥ ለደካማውና ሕመሙ ለጸናበት ሰው ግን ሊናቅ የማይገባው ነው።

ደካማ የምንላቸው እነማን ናቸው? ነፍሰ ጡሮችና በቅርብ የወለዱ እናቶች፥ ሕፃናት በተለይ ከ2 ዓመት በታች ያሉት፥ ከ65 ዓመት በላይ የሆኑ አረጋውያን፥ የአስም፥ የሳንባ፥ የልብ፥ የኩላሊት ወይም የስኳር በሽታ ያለባቸው፥ ኤችአይቪ በደማቸው ያለ፥ በሌላም ምክንያት የሰውነታቸው መከላከያ የደከመ ናቸው። በቆላው ካላዛር ያዳከመውንም ሰው ከእነዚህ ጋር እንቈጥረዋለን። ከእነዚህ ለአንዱ ሐኪም መድኃኒቱን ካዘዘ መዘግየት አይገባም። ትንፋሽ ያጠረው፥ ደረቱን የሚወጋው፥ አእምሮው የሚዋልል፥ ከንፈሩ የጠቈረ፥ ወይም ተሽሎት ሳለ ትኩሳቱ እንደገና የተመለሰበት ማንኛውም ሰው ግን፥ ወጣትም ቢሆን፥ ስለ እንክብሉ መከራከሩን ትቶ ወደ ሆስፒታል መወሰድ አለበት። ለእንዲህ ያለው ሰው 2 ቀን አልፎም ቢሆን ሐኪሙ መድኃኒቱን ሊያዝ ይችላል።

አሁን ወደ ጥያቄው ልብ እንግባ። የመድኃኒቱ ጊዜ 2 ቀን ነው ብለናል። በቆላችን እነዚህን 2 ቀኖች የሚበሉ ሦስት ነገሮች አሉ። አንደኛው የእርሻው ርቀት ነው፤ ሠራተኛው መኪና እስኪያገኝ ቀን ይመሻል። ሁለተኛው፥ ነገ ይሻለኛል ማለት ነው፤ የቀን ደመወዙን ላለማጣት ታሞ የሚያጭድ ብዙ ነው። ሦስተኛው ደግሞ እኛን ካህናትን የሚመለከት ነው፤ ሕመምተኛው፥ «አባቴ፥ ጸበሉን 7 ቀን ልጠመቅ ተስዬአለሁ፤ መድኃኒቱን አሁን ልዋጥ ወይስ ሱባኤዬን ልፈጽም?» ብሎ ሲጠይቀን፥ ሳናመዛዝን፥ «ልጄ፥ አስቀድመህ ሱባኤህን ፈጽም» ብለን እንደ ሆነ፥ የመድኃኒቱን ጊዜ የወሰድንበት እኛ ነን። በርቀቱ ላይ ሥልጣን የለንም፤ በምንሰጠው ቃል ላይ ግን አለን።

በዚህ ነገር ቅዱሳት መጻሕፍት የሚሰጡት ትምህርት ግልጥ ነው። መጽሐፈ ሲራክ በ38ኛው ምዕራፍ ሐኪምን እንድናከብር ያዘናል፤ ሐኪምንም መድኃኒትንም የፈጠረ እግዚአብሔር እንደ ሆነ፥ መድኃኒትም ከምድር እንደሚወጣ፥ አስተዋይ ሰው እንደማይንቀው ያስተምራል። የሚያስደንቀው ግን የነገሩ ቅደም ተከተል ነው። የታመመ ሰው አስቀድሞ እንዲጸልይ፥ ከኀጢአቱም እንዲመለስ፥ መሥዋዕቱንም እንዲያቀርብ ያዝዛል፤ ከዚያም ቀጥሎ ለሐኪም ስፍራ እንዲሰጥ፥ ከእርሱም እንዳያርቀው ይናገራል። ጸሎቱ ሐኪሙን አላስቀረውም፤ ሐኪሙም ጸሎቱን አልሻረውም።

ከዚህ ይልቅ የሚያስረዳ የንጉሡ የሕዝቅያስ ታሪክ ነው። ሕዝቅያስ ለሞት እስኪደርስ ታመመ፤ ፊቱን ወደ ግድግዳው መልሶ በእንባ ጸለየ። ነቢዩ ኢሳይያስም ከእግዚአብሔር ዘንድ የመዳኑን ቃል፥ የ15 ዓመት ዕድሜም እንደ ተጨመረለት አመጣለት። የመዳኑ ቃል ከእግዚአብሔር አፍ ከወጣ በኋላ ምን ቀረ? ነቢዩ ግን የበለስ ጥፍጥፍ አምጥተው በቍስሉ ላይ እንዲያደርጉ አዘዘ። ሕዝቅያስም፥ አምላክ እድናለሁ ብሎኝ ሳለ በለሱ ለምን ያስፈልገኛል አላለም፤ በለሱን ተቀበለ፥ ዳነም። ቅዱስ ጳውሎስም ልብሱ ሕመምተኞችን ይፈውስ የነበረ ሐዋርያ ሲሆን፥ ለደቀ መዝሙሩ ለጢሞቴዎስ ስለ ሆዱ ሕመም ጥቂት ወይን እንዲወስድ መከረው። ወንጌላዊው ሉቃስም ሐኪም ነበረ። እንግዲህ መድኃኒት መውሰድ የእምነት ጕድለት ነው የሚል ሰው ይህን ትምህርት ከየት እንዳመጣው ይመርምር።

የቤተ ክርስቲያናችንም አባቶች በዚህ ዘመን ይህንኑ አስተምረዋል። ብዙ የኤችአይቪ ሕመምተኞች በእንጦጦ ጸበል ሲሰበሰቡ፥ ከእነርሱም መድኃኒታቸውን የሚያቋርጡ በተገኙ ጊዜ፥ ብፁዕ ወቅዱስ አቡነ ጳውሎስ ፓትርያርክ በ1999 ዓ.ም. ጸበሉም መድኃኒቱም ሁለቱም የእግዚአብሔር ስጦታዎች እንደ ሆኑና እርስ በርሳቸው እንደማይቃወሙ በአደባባይ አስተማሩ። ያ ትምህርት የተነገረው ዕድሜ ልክ ስለሚወሰድ መድኃኒት ነው። ለዓመታት በሚወሰደው ላይ እውነት የሆነው 5 ቀን ብቻ በሚወሰደው ላይ እንዴት ሐሰት ይሆናል?

አፈጻጸሙም አያስቸግርም። ለጐልማሳ የተለመደው አወሳሰድ ባለ 75 ሚሊግራም እንክብል በቀን ሁለት ጊዜ፥ ጠዋትና ማታ፥ ለ5 ቀን ነው፤ በጠቅላላው 10 እንክብል ይሆናል። ለሕፃናት ግን እንደ ክብደታቸው፥ ኩላሊቱ ለደከመ ሰውም ቀንሶ ስለሚታዘዝ፥ የአንዱን መጠን ለሌላው መስጠት አይገባም። ጸበል የሚጠጣ ሰው እንደ ልማዱ ማለዳ፥ ምግብ ሳይቀምስ ይጠጣ፤ ቀጥሎ ጥቂት እህል ይቅመስና እንክብሉን ይዋጥ። መድኃኒቱ ያለ ምግብም ይወሰዳል፤ ከምግብ ጋር ሲሆን ግን ማቅለሽለሹ ይቀላል። ሕመሙ የበረታበት ሰው በብርድ ውኃ መጠመቁን ይቈየው፤ ቢረጩት፥ ቢጠጣው፥ ቢቀባው በረከቱ አይጐድልበትም። የተሻለውም ሰው ቀሪውን እንክብል ለሌላ ጊዜ አያስቀምጥ፤ እንደ ታዘዘው 5ቱን ቀን ይፈጽም። እንክብሉ ካስመለሰው ወይም ጠባዩን ከለወጠበት ለሐኪሙ ይንገር።

ስለ ጾም የሚጨነቁም አሉ። የኢንፍሉዌንዛ ትኩሳት በጾመ ነቢያት ወይም በዐቢይ ጾም ቢመጣ ሕመምተኛው፥ «በጠዋት እህል ቀምሼ ጾሜን ልሻር?» ብሎ ይፈራል። ፍርሃቱ ከፈቃደ እግዚአብሔር ፍቅር የመጣ ስለ ሆነ ልንነቅፈው አይገባም፤ ልናስተምረው ግን ይገባናል። ፍትሐ ነገሥት በ15ኛው አንቀጹ ስለ ጾም ሲደነግግ የታመመውን ከጤነኛው ለይቶ ይመለከተዋል። ጾም የተሠራው ጠግቦ የሚያምፅን ሥጋ ለመግራት ነው፤ በትኩሳት የወደቀ ሥጋ ግን አስቀድሞ ተገርቷል። ስለዚህ ሕመምተኛው ከጾሙ ምግብ ሳይወጣ፥ ሰዓቱን ብቻ ትቶ፥ በማለዳ ጥቂት ሽሮ ወይም አጥሚት ቀምሶ መድኃኒቱን ቢወስድ የንስሐ አባቱ ሊፈቅድለት ይገባል። ለመቍረብ የተዘጋጀ ሰው ቢሆንም ከአባቱ ጋር ተማክሮ 5ቱ ቀን እስኪፈጸም ሊቈይ ይችላል።

እንግዲህ የንስሐ አባት ሥራ ምንድር ነው? የሐኪሙን ስፍራ ሊይዝ አይገባም፤ መድኃኒቱን ውሰድ ወይም አትውሰድ ብሎ በራሱ ሊፈርድ አይችልም። ነገር ግን አራት ጥያቄ ሊጠይቅ ይችላል። ትኩሳቱ የጀመረህ መቼ ነው? ደምህን ስለ ወባ ተመርምረሃል? ሌላ ሕመም ወይም ፅንስ እንዳለ ለሐኪሙ በግልጥ ነግረሃል፥ ነግረሻል? መድኃኒቱንስ እንዳትወስድ የከለከለህ ምንድር ነው? በአራተኛው ጥያቄ ብዙ ምሥጢር ይገለጣል። አንዱ የስእለቱን ነገር ይናገራል፤ ሌላው ገንዘብ እንደሌለው በኀፍረት ይገልጣል፤ ሦስተኛው አሠሪው እንዳያሰናብተው መፍራቱን ይነግራል። ስእለቱን ካህኑ በትምህርት ያቀናዋል። ለገንዘቡ ሰበካ ጉባኤውና ማኅበሩ ይድረሱለት፤ የቅዱስ ሚካኤል ወይም የእመቤታችን ጽዋ የሚጠጣ ማኅበር ለታመመ መንገደኛ የመኪና ዋጋ ቢሰጥ ዝክሩን አበዛ እንጂ አላጐደለም። የእርሻው ባለቤትም ከምእመናን ወገን ከሆነ፥ ሠራተኛውን በመጀመሪያው ቀን ወደ ጤና ጣቢያ መላክ ምጽዋት ብቻ ሳይሆን ግዴታው መሆኑ በዐውደ ምሕረት ይነገረው። በአንድ ዳስ 20 ሰው በሚያድርበት ስፍራ የአንዱ ሕመም የሁሉ ነውና።

ከዚህ ሁሉ የምንሰበስበው ፍሬ አጭር ነው። ለብርቱ ሰው በቀላል ሕመም ጊዜ መድኃኒቱን መውሰድም መተውም በሐኪሙ ምክር የሚሆን ነገር ነው፤ በወሰደው ላይ የእምነት ጕድለት፥ በተወው ላይም ኀጢአት አይቈጠርም። ለደካማውና ሕመሙ ለጸናበት ሰው ግን የታዘዘውን መድኃኒት ስለ ስእለት፥ ስለ ጾም ወይም ስለ ንቀት ማዘግየት አይገባም። ስእለት ነገም ይፈጸማል፤ ጾምም ሲድን ይጾማል፤ ያለፉት 2 ቀኖች ግን አይመለሱም። እግዚአብሔር ጸሎታችንን ሰምቶ ፈውሱን በሐኪም እጅ ሲልክልን፥ የላከበትን እጅ ተጠራጥረን ስጦታውን እንዳንመልስ እንጠንቀቅ።

የሥጋና የነፍስ ባለ መድኃኒት የሆነው ጌታችን በቆላውም በደጋውም ያሉትን ሕመምተኞች ይጐብኝ፤ ለሐኪሞች ጥበብን፥ ለካህናት ማስተዋልን፥ ለሁላችንም ትዕግሥትን ያድለን። ወስብሐት ለእግዚአብሔር። አሜን።